ድሩ ላይ የቀረው ጋቢ

ከልክነሽ የዕለት ማስታወሻ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ገበያው ቀዝቃዛ ነው። ሁለት ነጠላና አንድ ቡልኮ ብቻ ተሸጠ። ከሰዓት ሱቁን ለልጄ ለፀደይ ትቼ ለአሮን ደብዳቤ ጻፍኩ። የምጽፈውን ሁሉ እዚሁ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። ምን እንዳልኩ ረስቼ መልስ መቀበል አልወድም።

*

ሚያዝያ 20 ቀን 2017

ለወንድሜ ልጅ ለአሮን ኦይታ
ኪጋሊ

ሰላምታዬ ካለህበት አገር ድረስ ይድረስህ። ጤናህ የበረታ፣ የምታስተምራቸው ልጆች የሚሰሙህ፣ ደመወዝህም በረከት ያለው ይሁን። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ይህን ወረቀት ፀደይ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ለምን ደውለሽ አትነግሪኝም እንዳትል። ስደውል «ደህና ነኝ አክስቴ፣ መስመሩ ይቆራረጣል» ብለህ ትዘጋለህ። ወረቀት ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን አይቸኩልም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የአባትህ ዓይን ደክሟል። ሐኪሞቹ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ብለውታል፤ ነገር ግን ክረምቱ ሳይወጣ ይምጣ ብለዋል። ከዶርዜ ወርዶ እኔ ቤት እንዲያርፍ አልጋ አዘጋጀሁለት። እምቢ አለ። ምክንያቱ ጋቢው ነው። ዓይኑ ሲከዳው ግማሽ ላይ አቁሞት ድሩ እንደተወጠረ ቀርቷል። «እሱ ሳይወርድ እኔ ከቤቴ አልወርድም» ይላል።

ሸማኔ ይፍሩን ይዤለት ወጣሁ። ይፍሩ ለእኔ ሱቅ ስንት ዓመት የሠራ ነው፤ እጁ አይታማም።

«ጋሽ ኦይታ፣ እኔ ልጨርስልዎ። ሁለት ቀን አይፈጅብኝም» አለው።

«ሁለት ቀን የሚበቃህ ምሳህን ከቤትህ ይዘህ ስትመጣ ነው» አለው አባትህ። «እኔ ቤት ከበላህ ለመስቀልም አትደርስም።»

ሳቅን። የሽመና ዕቃውን ግን አላስነካውም። ማጉን የፈተለችው እናትህ ናት፤ ነፍሷን ይማርና የመጨረሻ ፈትሏ ነው። ከቤቱ ውጭ ላለ እጅ እንደማይሰጠው ገባኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ። ለዓይኑ የምትችለውን ላክ። ደግሞ «ይፍሩ ይጨርሰው» ብለህ በራስህ እጅ ጻፍለት፤ ከእኔ ይልቅ አንተን ይሰማል።

ሌላም አለ። አባትህ «ልጄ ቅዳሜና እሁድ ምን ያደርጋል?» እያለ ይጠይቀኛል። ድሮ የምትደውለው እሁድ ከሰዓት ነበር፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ዓርብ ሆኗል። ምን ልበለው?

አክስትህ ልክነሽ

*

ከማስታወሻ
ግንቦት 10

ከአሮን መልስ የለም። ከእኔ የባህል ልብስ እየገዛ ኪጋሊ ላሉ አበሾች የሚሸጠው ናትናኤል ዛሬ ዕቃ ሊወስድ መጣ። «አሮንን ገበያ ውስጥ አየሁት፤ በማዳበሪያ የጥጥ ክር ተሸክሟል። ስጠራው ዞር አለብኝ» አለኝ። የሒሳብ መምህር ክር ምን ያደርግለታል? ለአባቱ አልተናገርኩም።

*

ግንቦት 24 ቀን 2017
ኪጋሊ

ውድ አክስቴ፣

እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፤ ከሱቅዎ ደጃፍ ሰው አይጥፋ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የፈተና ሰሞን ሆኖብኝ ነው። ለአባቴ ሕክምና የሚሆነውን በባንክ ልኬአለሁ።

ስለ ቅዳሜና እሁዴ መጠየቁ ደስ አለኝ። እንዲህ ብለው ያንብቡለት። ቅዳሜ ጠዋት ሒሳብ የከበዳቸውን ልጆች እስከ እኩለ ቀን አስተምራለሁ። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሲሆን ግን ትምህርት የለም። በዚያ ጠዋት የአገሩ ሰው ወጥቶ ለሰፈሩ ይሠራል፤ ኡሙጋንዳ ይሉታል። እንደ እኛ ደቦ ነው፤ ልዩነቱ ጠላ የለውም። ትናንት ከጎረቤቶቼ ጋር የጎርፍ ቦይ ስንጠርግ አረፈድን። የባንክ ሠራተኛውም ሞተር ነጂውም እኩል አካፋ ይይዛል። ከሰዓት ደብተር አርማለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ አርፋለሁ።

ጋቢውን ይፍሩ ቢጨርሰው ለእኔ ጥሩ ነው። ነገር ግን አባቴን በሸማ ጉዳይ እንዲህ አድርግ ልለው አልችልም። እርስዎ ያውቃሉ።

እዚህ የደረስኩት በእሱ መወርወሪያና በእርስዎ ሱቅ ነው። የትምህርት ቤት ልብሴን የገዙልኝ ቀን ሱቁን ዘግተው አብረውኝ መሄድዎ እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም። ውለታችሁን ከፍዬ እንደማልጨርስ ስለማውቅ ዝም ብዬ አመሰግናለሁ።

አሮን

*

ሰኔ 5 ቀን 2017

ለአሮን ልጄ፣

ሰላምህ ይብዛ፤ የያዝከው ሁሉ ይቅናህ። የላክኸው ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይተካልህ። አባትህ እስኪወርድ ድረስ አልነካውም።

ዛሬ ሐሙስ የዶርዜ ገበያ ስለሆነ ሸማ ልገዛ ወጥቼ ደብዳቤህን አነበብኩለት። «ያለ ጠላ ማን ቦይ ይጠርጋል!» ብሎ ሳቀ። ስጨርስ፣ «የመጨረሻዋን ድገሚልኝ» አለኝ። «ከዚያ በኋላ አርፋለሁ» የምትለዋን ደገምኩለት።

«እንዴት ነው የሚያርፈው? ይተኛል?»

«አልጻፈም።»

ፊቱን ወደ ዕቃው መለሰ። አላየውም፤ ግን ወደዚያው ነው ያዞረው።

አሮን፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ጋቢ ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው አንዱን ጫፍ አጥፎ ቢያሳየኝ መጀመሪያ የምዘረጋው የታጠፈውን ነው። አንተ ቅዳሜህን ሙሉውን ዘርግተህ እሁድን ከቀትር በኋላ አጥፈሃታል። ናትናኤል ክር ተሸክመህ አይቶሃል። ለፀደይ በላክኸው ፎቶ ላይ ደግሞ ከጀርባህ ከዛፉ እስከ አጥሩ የተወጠረው የልብስ ማስጫ ገመድ አይደለም። ያረጀሁት በሸማ ንግድ ነው፤ ድር ሳይ አውቃለሁ።

በቀጥታ ልጠይቅህ። ከሥራህ ወጥተሃል? ሸማ እየሠራህ ነው የምትኖረው? ከሆነ አትፈር። ቤትህ እዚህ ነው። ማንም አይስቅብህም፤ የሚስቅ ከተገኘ ወደ እኔ ሱቅ ላከው። ለዓይኑ የላክኸውም ከጉሮሮህ ነጥቀህ ከሆነ እመልስልሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ገንዘብ አልጠይቅህም። እውነቱን ላክልኝ።

አክስትህ ልክነሽ

*

ከማስታወሻ
ሐምሌ 3

አሁንም መልስ የለም። አባቱ የቀን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ወደ ደጅ ሲወጣ ግድግዳ ይዞ ነው። የጻፍኩት ከርሮ ይሆን ብዬ መልሼ አነበብኩት። አልከረረም።

*

ሐምሌ 6 ቀን 2017
ኪጋሊ

ውድ አክስቴ፣

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። «ቤትህ እዚህ ነው» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። መልስ ለመስጠት አንድ ወር የፈጀሁት ብዕር አጥቼ አይደለም።

ከሥራዬ አልወጣሁም። ለመጪው ዓመትም ውል ፈርሜያለሁ። ክር መሸከሜ ግን እውነት ነው። ናትናኤልን ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ዞር ያልኩት አይቼው ነው።

እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት እሁድ ከሰዓት ይከብደኝ ነበር። ስተኛ የልጆቹ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ስነሣ የሰኞ ትምህርት ይጠብቀኛል። አንድ እሁድ የከበደኝ እጄ ሥራ መፍታቱ እንደሆነ ገባኝ። ከምከራየው ቤት ጀርባ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር የሸማኔ ጉድጓድ መቆፈር ጀመርኩ። አከራዬ በመስኮት ብቅ ብላ፣

«መምህር፣ ማን ሊቀበር ነው?» አለችኝ።

«ማንም። እኔ ልቀመጥበት ነው» አልኳት። ይሄ ይበልጥ አስደነገጣት።

ዕቃውን ከእንጨትና ከሸምበቆ ሠራሁ። ሳልጨርስ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ደረሰ። እኔ ከአንዱ ቡድን ጋር ዋናውን መንገድ ስጠርግ፣ ሌላው ቡድን ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ሁሉ ለወባ ትንኝ ይመቻል ብሎ ግቢ ለግቢ እየዞረ ይደፍናል። ስመለስ የእኔም ተደፍኗል፤ ያውም ተረግጦ፣ ተደልድሎ። ሙጋቦ የሚባሉት አዛውንት ጎረቤቴ አካፋቸውን ተደግፈው «መምህሩ ጊዜ የለውም ብለን ረዳንህ» አሉኝ። አመሰገንኩ። በሳምንቱ መልሼ ቆፈርኩ። በወሩ መልሰው ደፈኑ። ለሦስተኛ ጊዜ ቆፍሬ ሁሉንም ጠራኋቸውና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ እየሸመንኩ አሳየኋቸው። ሙጋቦ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። አሁን ዝናብ ሲመጣ ሮጠው ሸራ የሚያለብሱልኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ ማታ እንቅልፌ ደህና ነው። የማርፈው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው አክስቴ። የሠራሁትን አልሸጥም፤ ለጎረቤት እሰጣለሁ።

የደበቅሁት አፍሬ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጎን እሸምን እንደነበር ያስታውሳሉ። ሰባተኛ ክፍል ስገባ በብብቴ ይዞ ከጉድጓዱ አወጣኝና «ከዚህ ቤት አንድ ሰው እዚህ ከተቀመጠ ይበቃል። ሁለተኛ እንዳላይህ» አለኝ። ከዚያ በኋላ እኔ እንድማር ብሎ ብቻውን ሸመነ። አሁን ልጅህ ሰው አገር ሄዶ መልሶ ጉድጓድ ገባ ቢባል ልቡ አይሰበርም? ስለዚህ ጋቢውን እኔ ልጨርሰው ለማለት አፌ አልደፈረም። ብደፍርም መምጣት አልችልም፤ የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ስለሆነ እስከ ጥቅምት ከዚህ አገር አልወጣም።

ይንገሩት ወይም ይተዉት። ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

አሮን

*

ሐምሌ 17 ቀን 2017

ለአሮን ልጄ፣

ያሳደገህ አምላክ ይመስገን፤ እጅህ ይባረክ፣ ጎረቤቶችህም ይባረኩ።

ደብዳቤህን ሳምንት ሙሉ በቦርሳዬ ይዤ ዞርኩ። መጨረሻ ላይ እንደ ዕቃ አየሁት፤ ሲቆይ የሚበላሽ ዓይነት ነው። ዛሬ ወጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት።

ጉድጓዱ የተደፈነበት ላይ ስደርስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ሁለቴ!» ይላል። «ሁለቴ ደፈኑት!» በብብትህ ይዞ ያወጣህ ላይ ስደርስ ሳቁ ቆመ። እኔ አላቋረጥኩም። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ፣

«እሁድ ነው የሚሸምነው?» አለ።

«እሁድ።»

«በሰንበት ይሠራል እንዴ!»

«ዕረፍቴ ነው አለ እኮ።»

«ሸማ? ሸማ ዕረፍት?»

«ሰማኸኝ፤ እንዲያ ነው የጻፈው።»

«ለእኔኮ ሥራ ነበር ልክነሽ። ወገቤን የቆረጠኝ ሥራ።» ጉልበቱን ያሽ ጀመር። «ለእኔ ሥራ የነበረው ለልጄ ዕረፍት ከሆነለት፣ አልከሰርኩም።»

ከዚያ በዳበሳ ሄዶ መወርወሪያውን አነሣ። «አንድ ሰው ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ደግሞ ተነሥቻለሁ። ቦታው ባዶ ነው።»

የቀረው የእኔ ሥራ ነበር። ሰውየው ወደ ዕቃው መምጣት ካልቻለ ዕቃው ወደ ሰውየው ይሄዳል፤ ሌላ ምን ስነግድ ኖርኩ? ይፍሩን አስጠራሁት። የተሸመነውን ጠቀለልን፤ ያልተሸመነውን ድር እንዳይወሳሰብ እየጎነጎንን ሰበሰብን። አንድ ክር ሳይበጠስ ከነዕቃው ተነሣ። አባትህ እያንዳንዱን ቋጠሮ በጣቱ እየነካ «እዚህ አጥብቅ፣ እዚህ አላላ» ይላል።

«ጋሽ ኦይታ፣ ንካ ብለው አያውቁም ነበርኮ» አለው ይፍሩ።

«መጠቅለል ምሳ የለውም» አለው።

ናትናኤል ረቡዕ ይነሣል። ጥቅሉን፣ የእናትህን ማግ ከነቅርጫቱ፣ የአባትህን መወርወሪያ ይዞልህ ይመጣል። ከእኔ የደረቀ የሃለኮ ቅጠልና የዳጣ በርበሬ አለበት። ሲጠራህ ዞር እንዳትልበት። አባትህም ነገ ከእኔ ጋር ይወርዳል፤ ጋቢው ቀድሞት ስለወረደ ሰበብ የለውም።

ለመስቀል አድርስልን። ሌላ አልጠይቅም።

አክስትህ ልክነሽ

*

ነሐሴ 25 ቀን 2017
ኪጋሊ

ውድ አክስቴ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ አንዱ ዓይኑ ተገፍፎለት በመንገዱ ማዶ ያለውን ፍየል ቆጠረ ብላ ፀደይ ስትጽፍልኝ የክረምት ማጠናከሪያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ልጆቹ «መምህር ለምን ይስቃል?» ተባባሉ።

ዛሬ እሁድ ነው። ጋቢው አሁን ከዕቃው ወረደ። አባቴ ቅዳሜና እሁዴን ጠይቆ ነበርና አሁን ምንም ሳላጥፍ ልንገረው።

ትናንት የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ስለነበር ከጎረቤቶቼ ጋር በጎርፍ የተበላ መንገድ በድንጋይ ስንሞላ አረፈድን። ከሥራው በኋላ የሰፈሩ ስብሰባ ሲያልቅ ሙጋቦ «የአባትህ ጨርቅ ስንት ቀረው?» አሉኝ። አንድ ቀን አልኳቸው። ከሰዓት የተከመረ ወረቀት አረምኩ፤ ለነገ እንዳይተርፍ ፈጥኜ ጨረስኩ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ልብሴን ቀይሬ ጉድጓዱ ገባሁ። ሙጋቦ በርጩማ ይዘው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። መወርወሪያው የአባቴ ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሏል፤ የእኔም ጣት እዚያው ገባ።

ጥቅሉን የፈታሁ ቀን አንድ ነገር አይቼ ነበር። አባቴ ካቆመበት በፊት ያለው ክንድ የሚያህል ላላ ብሏል፤ ጠርዙም ዋዥቋል። ዓይኑ የከዳው እዚያ ላይ ነው። ቢሆንም ቀጥሏል። ፈትቼ ላስተካክለው አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት። ማረም የቅዳሜ ሥራ ነው፤ ዛሬ እሁድ ነው አልኩ።

ከእናቴ ማግ አንድ ቀሰም ሙሉ፣ በሸምበቆ ላይ የተጠቀለለ ክር፣ ተረፈኝ። እሱን ለራሴ አስቀርቻለሁ፤ ይፍቀዱልኝ።

ዘንድሮ መስቀል ከወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ጋር ገጥሟል። እናንተ ደጅ ስትወጡ እኔ አካፋ ይዤ እወጣለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ይፍሩንም ጭምር።

አሮን

*

መስከረም 20 ቀን 2018

ለአሮን ልጄ፣

ዮ ማስቃላ! ዘመኑ የሰላም፣ የጤና፣ የጥጋብ ይሁንልህ፤ ለሙጋቦም እንዲሁ በልልኝ። ናትናኤል ጋቢውን ይዞ በዋዜማው ደረሰ። ይፍሩ ገጣጥሞ ሰፋው፤ ቂቤ የበዛበት ምሳም በላ፤ አባትህ ራሱ ነው ያጎረሰው። ቀሰሙ ያንተ ነው፤ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም።

አባትህ ሁለተኛው ዓይኑ በኅዳር ይሠራለታል። ከላክኸው የተረፈው አደራ እኔ ጋ ስላለ የምትጨምረው የለም። እኔም ከእንግዲህ የምጠይቅህ የለኝም፤ እሁድ ከሰዓትህን ለራስህ ያዛት። አባትህ ግን አንድ መልእክት አለው፤ «ጉድጓዱን ጥልቅ አድርገው፤ ጥልቅ ካልሆነ ጉልበት ይይዛል» ብሏል።

የመስቀል ዕለት ጠዋት ጋቢውን ደጅ አውጥቶ ብርሃን ላይ ዘረጋው። እኔ ገና ከጥቅሉ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ አንተ ማጉን የምትመታው አጥብቀህ ነው፤ ሸማ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይለየዋል። «ልጁ የጀመረው የት ላይ ነው?» አልኩት። ደህናውን ዓይኑን አስጠግቶ አየ። ከዚያ ጨፈነውና ከዳር እስከ ዳር በእጁ ሄደበት።

«አላገኘሁትም» አለኝ። «አንድ ሰው የሠራው ነው።»

አልተከራከርኩትም። አውራ ጣቱ ግን የእሱና ያንተ ሥራ መጋጠሚያ ላይ ነበር፤ ሰው ሁሉ እየመጣ እንኳን አደረሰህ ሲለውም ከዚያ አላነሣውም።

አክስትህ ልክነሽ